ድሪቱና የእማማ አህዮች

እኛ ቤት አምስት ሰው ይኖራል፤ ስድስተኛዋ ሸረሪት ናት። አምስታችን ባልና ሚስት፣ ሁለት ልጆችና የባል እናት ነን። ቤታችን በቂርያት ጋት ከተማ፣ አሳንሰር በሌለው አሮጌ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይገኛል። ይህን ጽሑፍ የምናቀርበው ባልና ሚስት ተማክረን ነው። ብዕሩን የያዘችው ሚስት ብትሆንም ባል ከጀርባዋ ቆሞ እያነበበ አንዳንዱን ስላሰረዘ፣ አንዳንዱንም ስላስጨመረ «እኛ» እያልን ብንጽፍ የተከበራችሁ አንባቢያን እንዳትታዘቡን።

በእነዚህ ገጾች ላይ ብዙውን ጊዜ ስለ ማሽካንታ፣ ስለ ልጆች ትምህርትና ስለ ስግድ በዓል ዝግጅት ይጻፋል። የእኛው ግን ስለ አንዲት ሸረሪትና ከቁራጭ ጨርቅ ስለሚሰፉ አህዮች ነው። ነገሩ ቀልድ ይመስላል፤ ለቤታችን ግን ቀልድ አልነበረም።

እማማ ከአባባ ጋር ልጆቻቸውን ይዘው ከቋራ የመጡት በ1999 ነው። በዚያ ዓመት በቋራ ቀርተው የነበሩ ወገኖቻችን ወደ እስራኤል ሲገቡ ከእኛ አንዳችን የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ፣ አንዳችን ደግሞ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርን። መርከዝ ቅሊታው፣ ኡልፓኑ፣ አዳሪ ትምህርት ቤቱ፣ ሠራዊቱ ሁሉ እንደማንኛውም ሰው አለፈ። አባባ በ2022 በሐኑካ ሰሞን አረፉ። ከዚያ በኋላ እማማ ቤታቸውን ለቅቀው ወደ እኛ መጡ፤ መጥተውም ከሳሎኑ ሶፋ ጥግ ተቀምጠው ግድግዳ ማየት ያዙ።

እማማ ዝምተኛ ሴት አልነበሩም። በሰፈሩ ለቅሶ ቤት ቢሆን ሰርግ ቤት ወጡን የሚቀምሱት፣ የተጣላውን የሚያስታርቁት እሳቸው ነበሩ። አሁን ግን ቡናው አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሳይቀርብ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። «ምን ይሻልዎታል እማማ?» ስንል «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ከማለት በቀር ቃል አይጨምሩም። ልጆቹ በዕብራይስጥ እየተንጫጩ በፊታቸው ሲያልፉ እንደ መኪና ድምፅ ይሰሟቸው ነበር።

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳፍር ነገር መናገር አለብን። ከእኛ አንዳችን በቤን ጉሪዮን ዩኒቨርሲቲ የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ተምረን፣ ዲፕሎማውን በመተላለፊያው ግድግዳ ላይ ሰቅለን፣ በሳምንት ሁለት ቀን የሌሎች ሰዎችን አረጋውያን ሰብስበን «እስቲ የልባችሁን ተናገሩ» የምንል ነን። ስለ ሐዘን ተፈትነን ጥሩ ነጥብ አግኝተናል። ከሥራ ደክመን ስንመለስ ግን የገዛ ቤታችን ሐዘን ሶፋው ላይ ተቀምጦ ይጠብቀናል፤ ከመጻሕፍቱም አንዱም አልረዳንም። እማማን ወደ ማትናሱ የአረጋውያን ቡድን እንዲሄዱ ብንለምናቸው «እኔን የሚያስተምረኝ ያ የትላንቱ ሕፃን ነው?» አሉ። ሕፃን የተባለው የሥራ ባልደረባችን ነው፤ አርባ ዓመቱ ነው።

በ2023 ለፋሲካ ቤት ስናጸዳ ነበር ሸረሪቷ የተገኘችው። የስፌት መኪናዋ ከተቀመጠችበት ጠረጴዛ በላይ፣ ከጣሪያው ጥግ ላይ ድሯን ዘርግታ ተገልብጣ ተንጠልጥላለች። ሰውነቷ የሩዝ ፍሬ የሚያህል፣ እግሮቿ ግን እንደ ፀጉር ቀጭንና ረዣዥም ናቸው። መጥረጊያውን አንስተን ልናወርዳት ስንል ከሶፋው ድምፅ መጣ።

«ተይ ልጄ። ቤቷን ሠርታ የተቀመጠችን ፍጡር ምን አድርጊ ትያታለሽ?»

ከሦስት ወር በላይ እንዲህ ያለ ረጅም ነገር ከእማማ አፍ አልወጣም ነበርና መጥረጊያው እንደተነሣ ቀረ። ቀጠሉና ስለ ድሯ መተቸት ጀመሩ። በአማርኛችን ሸማኔው መጀመሪያ የሚዘረጋው ክርና ሸረሪት የምትሠራው ቤት በአንድ ስም «ድር» ይባላሉ። እማማም አንገታቸውን ቀና አድርገው ሲመለከቱ ቆዩና «ድር አላት፣ ማግ የላትም፤ ሸማኔ ሳታገኝ የቀረች ናት» አሉ። ያን ጊዜ የስምንት ዓመት የነበረው ልጃችን ማግ ምን እንደሆነ ጠየቀ። እማማ ከነጠላቸው ጠርዝ ክር ስበው በጣታቸው መካከል እያሳለፉ አሳዩት። ከዚያን ቀን በፊት ሁለቱ እንዲህ ጎን ለጎን ተቀምጠው አይተን አናውቅም።

እርግጥ ፍርሃትም ነበረን። በዚህ አገር «ሻሻን» የሚባል ቡናማ ሸረሪት አለ፤ በልብስና በቁም ሣጥን ጀርባ ይደበቃል፣ ሲነክስም ሥጋውን የሚያቆስል ነው። ስሙ የመጣው ዓይኖቹ ስድስት በመሆናቸው ነው፤ ሁለት ሁለት ሆነው በሦስት ቦታ ይቀመጣሉ። ልጃችን ይህን በቤተ መጻሕፍት በተዋሰው መጽሐፍ አንብቦ ወንበር ላይ ቆመና አጉሊ መነጽር ይዞ የሸረሪታችንን ዓይን ቆጠረ። «ስምንት ናቸው!» ብሎ ሲጮህ ሁላችንም ተነፈስን። የእኛዋ ሰው የማትጎዳ፣ በሜዲትራኒያን ዙሪያ ባሉ አገሮች ቤት ለቤት የምትገኝ ናት። እንዲያውም ትንኝና ሌሎች ሸረሪቶችን ስለምትበላ ጥቅሟ ይበዛል። ስትነካ አትሸሽም፤ ድሯ ላይ እንዳለች በፍጥነት ትንቀጠቀጥና እንደ ጥላ ትደበዝዛለች። ልጃችን መጀመሪያ በጠርሙስ ሊያስቀምጣት ፈልጎ ነበር፤ እማማ «እስረኛ በቤቴ አላኖርም» ስላሉ በጥግዋ ቀረች። ስሟንም እሳቸው አወጡላት፤ ድሪቱ። ከድርም ከድሪቶም የመጣ ስም ነው አሉ።

ድሪቱን መመገብ የልጃችን ሥራ ሆነ። የሞተ ዝንብ ቢሰጣት ዞር ብላ አታይም፤ የሚንቀሳቀስ ካልሆነ አትነካም። ትንኝ ሲገባላት ግን ቀረብ ብላ በኋላ እግሮቿ ክር እየወረወረች ከሩቅ ትጠቀልለዋለች፤ ሕፃን ልጅ በጨርቅ እንደሚጠቀለል ማለት ነው። ክሩ በሆዷ ውስጥ ፈሳሽ ሆኖ ሳለ ስትስበው እንደሚጠነክር ከመጽሐፉ ስናነብላቸው እማማ «እንዝርቷን ውጣዋለች በሉኛ» ብለው ሳቁ። ሳቅ! ባል ወደ ማዕድ ቤት ገብቶ የውሃ ቧንቧ ከፈተ፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅነውም።

አህዮቹ የመጡት በዚያው ዓመት በጋ ነው። የአራት ዓመቷ ልጃችን የጉሮሮ እንጥሎቿን በቀዶ ጥገና ልታስወጣ ቀጠሮ ተይዞላት ነበርና ማታ ማታ ታለቅሳለች። አንድ ቀን ከሥራ ስንመለስ እማማ ወለሉ ላይ ተቀምጠው መቀስ ይዘዋል፤ በጉልበታቸው ላይ ያለው የአባባ ጋቢ ነው። ጥጡን እማማ ራሳቸው በቋራ የፈተሉት፣ አባባም ሃያ ምናምን ዓመት የለበሱት ጋቢ ነው። አንድ ጥግ ተቆርጧል።

እዚህ ላይ «እኛ» ለሁለት ተከፈለ። ባል ተቆጣ፤ በእናቱ ላይ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ የመጀመሪያው ነበር። የአባቱ ሽታ ያለበት የቀረው ነገር ያ ጋቢ ብቻ ነበርና አንፈርድበትም። እማማ ቀና ሳይሉ «ቁም ሣጥን ውስጥ ማንን ያሞቃል?» አሉና መቁረጡን ቀጠሉ።

የመጀመሪያው አህያ አህያ አልመሰለም። እማማ የአህያውን ቅርፅ ልክ በልኩ ስለቆረጡት፣ ከተሰፋ በኋላ ሲገለበጥ ስፌቱ በላው፤ እግሮቹ አጥረው በግ ወጣ። ልጅቱ ግን «ሐሞር!» ብላ ስለተቀበለችው አህያ ነው ብለን አጸደቅን። ሆስፒታል ይዛው ገባች፤ ከማደንዘዣው ስትነቃም ጆሮው በጥርሷ መካከል ነበር።

በዚያች ሌሊት፣ ልጅቱ ቤት ተመልሳ ከተኛች በኋላ፣ እማማ አንድ ታሪክ ነገሩን። ከቋራ ሲወጡ አንዲት አህያ ነበረቻቸው፤ ዱቄትና ልጅ ትጭን ነበር። ወደ እስራኤል አህያ ስለማይሄድ ለጎረቤት ትተዋት መንገድ ጀመሩ። አህያዋ ግን ተከተለቻቸው። አባባ አንድ ጊዜ መለሷት፤ ደግማ መጣች። ሁለተኛም መለሷት። በሦስተኛው አባባ ይዘዋት ተመልሰው ሄደው ከዛፍ ጋር አሰሯትና፣ ለብዙ ሰዓት ቃል ሳይናገሩ ከፊት ከፊት ሄዱ። ባል ያን ጊዜ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ስለነበረ ጉዞውን ያስታውሳል፤ ስለ አህያዋ ግን የሚያስታውሰው ከኋላ የሚመጣ ጩኸት ብቻ ነበር፤ የጅብ ድምፅ ይመስለው ነበር። እማማ ይህን ለሃያ አራት ዓመት ለማንም አልተናገሩም። «ሰው ሞቶብን፣ ዘመድ ቀርቶብን፣ ለአህያ አለቀስኩ ብል ምን ትሉኛላችሁ?» አሉ።

ከዚያ በኋላ ስለ ጋቢው ክርክር አልተነሣም።

ስለ ስፌቱ ትንሽ እንበል፤ መሥራት የሚፈልግ አንባቢ ይኖራልና። ጨርቁ ሁለት ሆኖ የፊቱ ገጽ ወደ ውስጥ እንዲሆን ይደረባል። የእንስሳው ቅርፅ በሳሙና ቁራጭ ይሳልና ከመስመሩ ውጭ አንድ ሳንቲሜትር ያህል ተርፎ ይቆረጣል፤ የእማማ የመጀመሪያው አህያ የጎደለው ይኸው ነው። ዙሪያው ሲሰፋ በሆዱ በኩል ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይተዋል። ከመገልበጡ በፊት በአንገቱና በጆሮው ሥር ጠምዘዝ ያለው ቦታ ላይ ስፌቱን ሳይነኩ በመቀስ ጫፍ ነካ ነካ ማድረግ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ይጨማደዳል። ይህን ያስተማረችን ሁለተኛ ፎቅ የምትኖር ጎረቤታችን ናት፤ በ1990ዎቹ ከሩሲያ የመጣች፣ በወጣትነቷ በልብስ ፋብሪካ የሠራች አሮጊት። እሷ አማርኛ አታውቅ፣ እማማ ሩሲያኛ አያውቁ፤ በመካከላቸው ያለው ዕብራይስጥ ሃምሳ ቃል ቢሞላ ነው። ቢሆንም አንዷ ስታበላሽ ሌላዋ ጨርቁን ከእጇ ነጥቃ ትፈታዋለች፤ ለዚህ ቋንቋ አያስፈልግም። ከተገለበጠ በኋላ በማማሰያ እጀታ እየተገፋ አክሪላን ይሞላል፤ መጀመሪያ የእግሮቹ ጫፍ፣ ሆዱ መጨረሻ ነው። ክፍተቱ በስውር ስፌት ይዘጋል። አክሪላኑ ከገበያ የሚገዛ ስለሆነ እማማ «ጥጥ እያለ የፕላስቲክ ሆድ!» እያሉ ይነጫነጫሉ፤ ነገር ግን ሲታጠብ ቶሎ እንደሚደርቅ ካዩ በኋላ ዝም አሉ።

በመስከረም ወር ልጅቱ ጋን ስትገባ ለጓደኛዋ ልደት አንድ አህያ ይዛ ሄደች። ከሰዓት ልንወስዳት ስንሄድ ጋኔኔቷ አህያውን በፕላስቲክ ከረጢት ቋጥራ መለሰችልን። ታቭ ቴኬን የለውም፤ ዓይኖቹም ቁልፎች ናቸው አለች፤ «ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ጨርቅ» የሚል ቃልም ጨመረች። ልጅቱ አጠገባችን ቆማ ትሰማለች። ከረጢቱም ሁለት ጊዜ ተቋጥሯል፤ ያ ሁለተኛው ቋጠሮ ነው ያቃጠለን።

ማታውን ደብዳቤ ጻፍን፤ ጥሩ ደብዳቤ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ የተማርነውን ቃል ሁሉ ጨምረንበታል። ለእማማ በአማርኛ ተረጎምንላቸው። እሳቸው ጨርሰው ካዳመጡ በኋላ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ቁልፉን ሕፃን ይውጠዋል ወይ?» አዎ፣ ይውጠዋል። ሦስት ዓመት ላልሞላው ልጅ የሚሰጥ አሻንጉሊት ሊነቀል የሚችል ትንሽ ነገር ሊኖርበት አይገባም፤ በጋኑ ውስጥም ሦስት ዓመት ያልሞላቸው ነበሩ። «እንግዲያው ሴትዮዋ እውነት ብላለች» ብለው ቁልፎቹን በመቀስ ፈቱና ዓይኖቹን በጥቁር ክር ጠለፏቸው። ከዚያ ወዲህ የእማማ አህያ ሁሉ ዓይኑ ጥልፍ ነው። ደብዳቤው ሳይላክ ቀረ። እኛ ግን ዛሬም ቢሆን አሳባችን ይህ ነው፤ ስለ ቁልፉ ልክ ነበረች፣ ስለ ከረጢቱ ግን አልነበረችም። ያልላክነው እማማን አክብረን እንጂ ረስተነው አይደለም።

እማማ ለምን እንዳልተቆጡ ቆይቶ ነው የገባን። እጃቸው ሲናቅ የመጀመሪያቸው አልነበረም። በቋራ ሳሉ ጭቃ አቡክተው ጀበናና ምጣድ ይሠሩ ነበር፤ ስንደዶና አክርማ አቅልመው በወስፌ መሶብ ይሰፉ ነበር። ቀን በገበያ ምጣዱን የገዛው ሰው ግን ሲመሽ ሸክላ ሠሪዋን «ቡዳ» ብሎ ይሸሻታል፤ «እጀ ጥበብ» የሚለው ቃል ራሱ ስድብ ነበር። ከጎንደር ከተማ ወጣ ብላ ባለችው በወለቃም እናቶቻችን ለቱሪስት ትናንሽ የሸክላ ምስሎችን እየሠሩ ይሸጡ ነበር፤ አንበሳ፣ ወፍ፣ ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥት ሳባ። ዛሬ እንዲህ ያሉት ምስሎች በሙዚየም መስተዋት ውስጥ ተቀምጠው እናያቸዋለን። እማማ አንድ ጊዜ ከልጃችን ክፍል ጋር ለጉብኝት ሄደው አይተዋል። «እዚያ በእነዚህ ተሰደብን፣ እዚህ በመስተዋት አስቀመጧቸው፤ መካከለኛ የለም እንዴ?» ነው ያሉት።

ኦክቶበር 7 ቀን 2023 መጣ። ያን ዕለት የደረሰውን እዚህ አንጽፍም፤ ሁሉም ያውቀዋል። በከተማችን ሲረኑ ይጮህ ነበር፤ ሕንፃችን ማማድ ስለሌለው ጎረቤቱ ሁሉ የሚጠለለው በደረጃው ላይ ነው። እማማ በጉልበታቸው ሕመም ምክንያት ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ፎቅ ለመውረድ የሚበቃ ጊዜ ስለማያገኙ ሌሊትም ቀንም ከበራችን አጠገብ ባለው ደረጃ ላይ ወንበር አኖርንላቸው። እዚያ ሆነው ሰፉ። የሕንፃው ልጆች በዙሪያቸው ተኮልኩለው የአንዱን አህያ እግር ይሞላሉ፤ የፍንዳታ ድምፅ ሲሰማ እማማ መርፌውን ከፍ አድርገው ይጠብቃሉ፣ ሲያልፍም ይወጉታል። በዚያን ወር ስድስት አህያ ለስድስት ልጅ ተሰጠ። ባል ለመጠባበቂያ አገልግሎት ሲጠራም አንድ ከመዳፍ የማይበልጥ አህያ በቦርሳው ኪስ ተከተተለት። ለጓደኞቹ አሳይቶ እንደሆነ ጠይቀን እስካሁን መልስ አላገኘንም፤ ይህን ዓረፍተ ነገርም ሊያሰርዘው ሞክሯል።

በ2024 ከሥራችን ጋር የተያያዘ ችግር ተነሣ። ማን እንደሆነ የማንናገረው አንድ ልጅ በአስቸኳይ ከቤቱ ወጥቶ ወደማያውቀው ቤት ይሄድ ነበር። ቦርሳችን ውስጥ አህያ ነበረ። አውጥተን ብንሰጠው ኖሮ አምስት ደቂቃ ይጽናና ነበር ብለን ዛሬም እናስባለን። ነገር ግን ማኅበራዊ ሠራተኛ ለሚከታተለው ሰው ከገዛ ቤቱ ስጦታ መስጠት አይገባውም፤ ልጁ ይህን ሰጥታኛለችና እንደ እናቴ ናት ቢል፣ ነገ ሌላ ሠራተኛ ስትተካን ሁለተኛ ጊዜ ይተዋል። አህያው ከቦርሳው ሳይወጣ ቀረ። የቅርብ አለቃችን ጉዳዩን ስናወያያት ሕጉ ትክክል መሆኑን፣ ልባችንም ትክክል መሆኑን ነገረችን፤ ይህ ደግሞ አልጠቀመንም።

በመጨረሻ ከእሷ ጋር አንድ ዘዴ ፈጠርን። እማማ ከቋራ ይዘውት የመጡትን ሰፌድ በመሥሪያ ቤቱ መጠበቂያ ክፍል ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥንና አህዮቹን ደረደርንበት። ማንም ልጅ ይወስዳል፤ ሰጪውም ተቀባዩም አይታወቅም። ለእኛ ጥሩ መፍትሔ መሰለን። እማማን ግን አስቆጣቸው። «የሚበላውን ሰው ሳላውቅ እንጀራ ጋግሬ አላውቅም። ለማን እንደሆነ ሳላውቅ ዓይኑን ወዴት እንዲያይ አድርጌ ልጥለፈው?» አሉ። ሁለት ሳምንት መርፌ አልነኩም። እንደገና ወደ ሶፋው ጥግ ሊመለሱ ነው ብለን ፈራን፤ ሌሊት ተኝተን ስለዚህ ብቻ እናወራ ነበር።

የመለሰቻቸው ድሪቱ ናት ብንል ማጋነን ይሆናል፤ ያየነውን ብቻ እንጽፍ። ለ2024 ፋሲካ ጽዳት ስንጀምር ድሪቱ በአፏ ነጭ ነገር ይዛ ተገኘች። እንቁላሎቿ ናቸው፤ በጥቂት ክር ብቻ ታስረው እንደ ወይን ዘለላ ይታያሉ። የዚህች ሸረሪት ዓይነት እናት እንቁላሎቿን እስኪፈለፈሉ በአፏ ይዛ ትቆያለች። ትንኝ ብታገኝም አትነካ። እማማ በየቀኑ ከሥሯ ወንበር ስበው ይቀመጡ ጀመር። ልጃችን የድሩ ጥግ ለፋሲካ ይጠረግ ወይስ አይጠረግ ብሎ ሲጠይቅ «ድሪቱ ዳቦ አትበላም፤ ሐሜጽ የለባትም» ብለው ፈረዱ። ቤቱ በሙሉ ተጠራርጎ ታጥቦ ያቺ ጥግ ብቻ ቀረች፤ ለሰዴር የመጡት እንግዶች ምን እንዳሉ ባናውቅ ይሻላል።

ከበዓሉ ሳምንት በኋላ ተፈለፈሉ። ከፒን ራስ ያነሱ ብዙ ነጥቦች ድሩን ሞሉት። ልጆቿ ወዲያው አይበተኑም፤ ለተወሰነ ጊዜ በትልቅዋ ድር ላይ ተሰብስበው ይኖራሉ። የራሳቸውን ክር ከማውጣት ይድናሉ፤ ምግቡ ግን ለትልቅዋ ይቀድማል። ማኅበራዊ ሠራተኛ እንደመሆናችን ስለ መርከዝ ቅሊታ አንድ ንግግር ልናደርግ ከጅሎን ነበር፤ ሰሚ ስላጣን ተውነው። ልጃችን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ከሳቭታው የተማረውን ተረት ለጓደኞቹ ወደ ዕብራይስጥ ሊመልስ ሲታገል ሰንብቷል፤ በዕብራይስጥ አንበሳው ይታሰራል፣ ዜማው ግን ይጠፋል።

ጥቂት ቀናት ካለፉ በኋላ አንድ አንዱ ነጥብ በመስኮቱ፣ አንዱ በመጋረጃው፣ አንዱ በዲፕሎማው ጀርባ ተበተነ። እማማ እያዩ «የት እንደሚገቡ ታውቃለች እንዴ?» አሉ። ማንም አልመለሰላቸውም። ያን ማታ መርፌና ክር ጠየቁ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ጨምረዋል። የመጨረሻውን ቋጠሮ ሲቋጥሩ አህያውን ወደ አፋቸው አስጠግተው «አንተን የያዘ ልጅ እንቅልፍ ይውሰደው» ይሉታል። ሴት ነው ወንድ፣ የእኛ ነው የሌላ፣ አይጠይቁም። ደግሞም በአንድ ረጅም ቀይ ክር ላይ ለአንድ አህያ አንድ ቋጠሮ ያኖራሉ። ይህን ስንጽፍ ቋጠሮው አርባ ሰባት ደርሷል። ከእነሱ አንዱ አህያ አይደለም፤ ልጃችን ለምኖ ከጥቁር ካልሲ ያሰፋው ሸረሪት ነው፤ ስምንት እግር፣ ስምንት የተጠለፈ ዓይን። ሰፌዱ ላይ ለአምስት ሳምንት ማንም ሳይነካው ተቀመጠ፤ ሕፃናቱ አይተውት ወደ አህያው ያልፋሉ። ልጃችን አዝኖ ሊመልሰው ሲያስብ አንድ ሰኞ ጠዋት ጠፍቶ ተገኘ። ማን እንደወሰደው አናውቅም።

ድሪቱ በዚያው ዓመት ከሱኮት በኋላ በድሯ ላይ ደርቃ ተገኘች። ልጃችን በክብሪት ሣጥን አድርጎ ከሕንፃው ሥር ባለው የሎሚ ዛፍ አጠገብ ቀበራት፤ እህቱ አህያዋን ይዛ ቆማለች። አሁን በጥግዋ ያለችው ከልጆቿ አንዷ ናት፤ ያቺ ከዲፕሎማው ጀርባ የገባችው ሳትሆን አትቀርም። ስሟ ድሪቱ ሁለተኛ ነው።

ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስንመለስ በአውቶቡስ ፌርማታ አንዲት የማናውቃት ልጅ አየን። አራት ዓመት ቢሆናት ነው፤ እናቷ በአንድ እጇ ይዛታለች፣ እሷ በሌላው እጇ ግራጫ አህያ ትጎትታለች። ጋቢው ካለቀ በኋላ ከአሮጌ መጋረጃ ከተሠሩት አንዱ ነው፤ ስፌቱን ከሩቅ እናውቀዋለን። ልናናግራት አልቻልንም፤ አውቶቡሱም መጣ። ቤት ደርሰን ጫማችንን ሳናወልቅ ለእማማ ነገርናቸው። ጀበናውን ከእሳቱ አወረዱና ዞር አሉ።

«በምኑ ነው የያዘችው?»

«በጆሮው እማማ። አንጠልጥላዋለች።»

«በጆሮው!» አሉ ደንግጠው። «እኔ ደግሞ ጆሮውን በነጠላ ክር ነው የሰፋሁት። እስቲ ያንን ወፍራሙን ክር አምጡልኝ።»